ብርድ ያወረዳቸው፣ ሙቀት ያወጣቸው

ባለ አሥር ሳንቲሙ ገበያ ላይ ዋጋ ካጣ ቆይቷል። በእጁ ያገላበጠው ሰው ግን የተቀረጸበትን እንስሳ አይረሳውም፤ ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የወጣው የደጋ አጋዘን ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። የአርሲና የባሌ ሰው ገደምሳ እያለ ሲጠራው፣ ሲያድነውም ሲያወራለትም ኖሯል። በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ሻለቃ አይቮር ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 በአርሲ ተራሮች ላይ ገደለውና ቀንዱንና ቆዳውን ወደ አገሩ ወሰደ። በለንደን የእንስሳት ሊቅ የነበረው ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 ለዓለም አስተዋወቀው፤ ሳይንሳዊ ስሙም እስከ ዛሬ የአዳኙን ስም ይዞ ቀርቷል። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የአጋዘንና የድኩላ ወገኖች ሁሉ መጨረሻ የታወቀው እርሱ ነው። በኮንጎ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ኦካፒ እንኳ በ1901 ቀድሞታል።

ቀንድና ቆዳ ይዞ ለንደን የተቀመጠ ሊቅ የሚጠይቀው “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ነው። ተራራው ላይ ለቆመ ሰው የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለምን እዚህ ብቻ? የደጋ አጋዘን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፣ በተለይም በባሌና በአርሲ ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ሸዋ ወይም ወሎ ላይ የለም። ዋልያ ደግሞ ስሜን ተራሮች ላይ አለ፣ ባሌ ላይ የለም። እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሸለቆው ደጋውን ለሁለት ከፈለው፣ እንስሳቱም በየወገናቸው ቀሩ ይባላል። ይህን መልስ የሚያበላሸው ቀይ ቀበሮ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከስሜን ይዞት ሄዶ ነው። ይኸው እንስሳ ግን ባሌ ላይም አለ፤ እንዲያውም ከሌላው ሁሉ በቁጥር የሚበዛው እዚያ ነው። ከብርዳም አምባ በቀር ሌላ ቦታ የማይኖር አውሬ፣ በመካከል ያለውን ሞቃት ሸለቆ እንዴት ተሻገረው? ይህን ለመመለስ ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ መልሱም የተገኘው ከእንስሳው ይልቅ ከጭቃ፣ ከድንጋይና ከአመድ ነው።

መልሱን ከመስማት በፊት ተራራውን መውጣት ያስፈልጋል። ከዶሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ተጓዡ በግማሽ ቀን ውስጥ ከቆላው ጠርዝ ተነሥቶ፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን አልፎ፣ ውርጭ ይገባል። መጀመሪያ የሚቀበለው የሐረና ጫካ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር የተራራውን ደቡባዊ ግድግዳ ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ ደቡቡ በደን ተሸፍኗል፤ ከዝግባው ጥላ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ትንሽ ከፍ ሲባል ቀርከሃ ይመጣል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው በዚህ ቀበቶ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቹ በኦዶቡሉ ደን ተከታትለውት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ከምግቡ ሦስት አራተኛ የሚበልጠው ቀርከሃ ሆኖ ተገኝቷል። ዘመዶቹ የሆኑት የቆላ ጦጣዎች ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ እርሱ ግን ቀርከሃው ያለበትን ቁመት ይዞ ቀርቷል።

ከቀርከሃው በላይ ኮሶ፣ ከኮሶው በላይ አስታ ነው። የአስታው ግንድ ጉም ሲበላው ስለሚውል የዛፍ ሽበት ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያ መንገዱ ድንገት ይገለጣል፤ ዛፍ የለም። ሳነቴ አምባ ላይ ነው። በስተምዕራብ በኩል ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ይዞ ቆሟል፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው።

ሳነቴ የምድር ወገብ አካባቢ አየር ጠባይ በሙሉ ኃይሉ የሚታይበት ቦታ ነው። እኛ ክረምትና በጋ የምንለው ልዩነት እዚያ በአብዛኛው የዝናብና የደረቅ ልዩነት ነው። ሙቀትና ብርድ የሚፈራረቁት በዓመት ሳይሆን በየዕለቱ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን መሬቱ የያዘውን ሙቀት በሙሉ ለሰማይ ይመልሳል። በደረቁ ወራት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ድረስ የወረደ ብርድ ተመዝግቧል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዞሮ ካጠና በኋላ አጥብቆ ያስገነዘበው ይህንን ነው፤ ተክሉ በየሃያ አራት ሰዓቱ አንድ በጋና አንድ ክረምት ማለፍ አለበት። ቅጠል አራግፎ ክፉውን ወቅት ማሳለፍ አይቻልም፤ ክፉው ወቅት ዛሬ ማታ ነውና።

ጅብራን እንዲህ ያደረገው ይህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የዘንባባ ዘር ይመስላል፤ ወፍራም ግንድ፣ ከአናቱ ላይ ክብ ሆኖ የተነሰነሰ ሰፊ ቅጠል። ቅጠሎቹ ጥቅጥቅ ብለው የሚሰበሰቡት በመካከላቸው ያለውን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ለመጠበቅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የባሌን ጅብራ ሲያጠኑ ያተኮሩት በአንድ ክፉ ሰዓት ላይ ነበር፤ እርሱም ጧት ነው። ቅጠሉ ገና ከሌሊቱ ብርድ ሳይላቀቅ ብርቱ ፀሐይ ይመታዋል፤ የቀዘቀዘ ቅጠል ደግሞ ብርሃኑን ወደ ምግብ መለወጥ ስለማይችል የተረፈው ብርሃን ራሱን ቅጠሉን ይጎዳዋል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ መቆሙ ወይም መጋደሙ የሚያስከትለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ጅብራ ይህን ሁሉ ለብዙ ዓመት ተቋቁሞ የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚሆን የአበባ ዓምድ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይሞታል።

ከጅብራው ሥር ደግሞ መሬቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ጸጥ ብሎ የጠበቀ ሰው ከጉድጓድ አፍ ላይ አፈር ሲገፋ ያያል፤ ቀጥሎ አንድ ሰፊ ራስ ብቅ ይላል። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነው። ትልቁ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የፊት ጥርሶቹ ረጃጅምና ብርቱካናማ ናቸው። ዓይኖቹ ከሌሎች ፍልፈሎች ለየት ብለው ወደ አናቱ የተጠጉ ስለሆኑ፣ አካሉን ከጉድጓዱ ሳያወጣ ሰማዩንም ሜዳውንም መቃኘት ይችላል። ደኅና መሆኑን ሲያረጋግጥ ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ፣ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ ቆርጦ አፉ ሞልቶ ወደ ኋላ ይገባል። ጎትቶ ካስገባ በኋላ የጉድጓዱን አፍ በአፈር ይደፍናል። የሚበላውም የሚተኛውም ከመሬት በታች ነው፤ ለውርጩ ያለው መልስ ይህ ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር አይገኝም። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ መሬት መሬት ስትል ብትታይ ለምዳው ነው፤ ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። ወፏ ስትደነግጥ ደግሞ ፍልፈሉ አደጋ መኖሩን ያውቃል።

አደጋው በአብዛኛው ቀይ ነው። በአርጀንቲና የተወለደው ክላውዲዮ ሲሌሮና ባልደረባው ዳዳ ጎቴሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በወይብ ሸለቆና በሳነቴ የቀይ ቀበሮን ኑሮ መከታተል ሲጀምሩ፣ ያገኙት ነገር ከተኩላ ወገን የማይጠበቅ ነበር። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ይኖራሉ፤ ጧትና ማታ ተሰብስበው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የግዛታቸውን ድንበር አብረው ይዞራሉ። አደን ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሄዳል። ምክንያቱ የሚበሉት ነው። ተመራማሪዎቹ ኩሳቸውን ሰብስበው በውስጡ ያለውን አጥንትና ፀጉር ሲለዩ፣ ከመቶው ከ95 የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ሆነ። አይጥ ለሁለት አይካፈሉትም። ቀጭኑ ረጅም አፍንጫ፣ የተራራቁት ትንንሽ ጥርሶች፣ ረጃጅም እግሮች፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ እየተጎነበሰ የሚሄደው አካሄድ ሁሉ ከጉድጓድ አፍ ላይ አይጥ ለመያዝ የተዘጋጁ ናቸው። ከአንድ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል።

ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 የእንስሳውን የዘር ውርስ ሲመረምሩ ነገሩ የበለጠ ተወሳሰበ። ሰው ቀበሮ ቢለውም ከአፍሪካ ቀበሮዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አልነበረውም። የተጠጋው ለአውሮፓና ለእስያ ተኩላ ነበር። የተመራማሪዎቹ ግምት፣ አያቶቹ ከዛሬ 100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን መጥተው ደጋውን ያዙ የሚል ነው። ዋልያም ቢሆን የሥጋ ዘመዶቹ ያሉት በቀይ ባሕር ዙሪያና ከዚያ ወዲያ ባሉት የአለት ተራሮች ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት እንስሳት አንዳንዶቹ መጤ ናቸው። መጥተው የተቀመጡበት ምክንያትም በከፍታው ይገለጻል፤ እንግሊዛዊው የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ዴሪክ ያልደን እንዳሰላው፣ በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት አራት አምስተኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ለብርድ ወዳድ እንስሳ በሞቃት አህጉር ላይ ከዚህ የሰፋ ደሴት የለም።

ደሴት ግን መሻገሪያ ይፈልጋል። የመሻገሪያው ታሪክ የተገኘው ገርባ ጉራቻ ከተባለች ትንሽ ሐይቅ ሥር ነው። ሐይቋ 3,950 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዙሪያዋን ገደል በከበባት ጎድጓዳ ቦታ ተኝታለች። ጎድጓዳውን የቆፈረው በረዶ መሆኑን ቅርጹ ይመሰክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ ከሐይቋ ወለል ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም የደለል ዓምድ አወጡና እ.ኤ.አ. በ2007 የደረሱበትን አሳተሙ። ደለል ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ ከታች ያለው ይቀድማል። በየእርከኑ የተቀበረው የአበባ ዱቄት ደግሞ በጊዜው በዙሪያው ምን ይበቅል እንደነበር ይናገራል። በረዶው ሐይቋን ለቅቆ የሄደው ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሣርና ደረቅ መሬት የሚወዱ ተክሎች መጡ። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በርትቶ አስታ ወደ ላይ ወጣና ሰፊ ቦታ ያዘ። ቆይቶም አገሩ ሲደርቅ የጥድና የዝግባ ዱቄት በደለሉ ውስጥ በዛ። ዛሬ ከሐረና ወደ ሳነቴ ሲወጣ የምናየው የቀርከሃ፣ የኮሶና የአስታ ቅደም ተከተል እግሩን ተክሎ የቆመ አይደለም። ደጋና ወይና ደጋ የምንለው ሁሉ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል።

ገርባ ጉራቻ የነገረችን ግን በረዶው ሲሄድ የሆነውን ነው። በረዶው ራሱ ምን ያህል ነበር? እዚህ ላይ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ ገቡ። የበረዶ ግግር ሲንሸራተት ድንጋይ እየገፋ ይወርድና ሲቀልጥ ባለበት ጥሎት ይሄዳል። ድንጋዩ ከበረዶው ወጥቶ ሰማይ ካየበት ቀን ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ገጽታው ላይ ብርቅ የሆነ የክሎሪን ዓይነት ይሠራል። የዚያን መጠን የለካ ሰው ድንጋዩ ለስንት ሺህ ዓመት ፀሐይ ላይ እንደቆየ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት መሠረት፣ የባሌና የአርሲ ግግር ከሁሉ የበለጠ የሰፋው ከዛሬ 42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነበር። ይህ በቀረው ዓለም ብርዱ ከበረታበት ጊዜ ይቀድማል። የደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ያን ጊዜ ከዛሬው ከአራት እስከ ስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዝ ነበር።

ያው ቡድን ሳነቴ ላይ ሌላ ምስክር አግኝቷል። አምባው ላይ ትልልቅ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ብዙ ቶን ይመዝናል። ረድፎቹ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማሉ፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ። ሰው የደረደራቸው ሊመስሉ ይችላሉ፤ የደረደራቸው ግን ብርድ ነው። መሬቱ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይረግባል፤ በዚህ ማበጥና መርገብ ደቃቁ አፈር ወደ አንድ ወገን፣ ትልልቁ ድንጋይ ወደ ሌላ ወገን ይለያል። ዛሬ በሳነቴ ውርጩ የሚያረጋው ላይ ላዩን ነው፤ ጧት ረግቶ ያደረው ረፋድ ላይ ይቀልጣል። ይህን የሚያህል ድንጋይ ለማንቀሳቀስ መሬቱ ወደ ጥልቅ ገብቶ፣ ለረጅም ጊዜ መርጋት ነበረበት።

አሁን ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። ተራራ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ብርድ ይጨምራል። አምስት ዲግሪ የቀዘቀዘ አገር ማለት ውርጩ ከዛሬ ቦታው 800 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረደ ማለት ነው። ዛሬ 3,500 ሜትር ላይ የምናገኘው ሜዳ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ባለችበት ከፍታ ላይ ሊገኝ ይችል ነበር። የእንጦጦ አናት ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት ዓይነት ቦታ ይሆን ነበር። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ደጋዎች ወርደው ተጠጋጉ፤ በመካከላቸው ያለው ሞቃት ወለል ጠበበ። ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 በየተራራው ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች የዘር ውርስ ሲያነጻጽሩ ያገኙት ከዚህ ጋር ገጠመ። እንስሳው የተስፋፋው ውርጩ ሰፊ በነበረበት ጊዜ ነው፤ የተነጣጠለው ከዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ሙቀቱ ሲመለስ ነው። ስሜን፣ ወሎ፣ መንዝ፣ አርሲና ባሌ ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በየተራራው የቀሩት ከአንድ የሰፊ አገር ሕዝብ ተከፋፍለው ነው። ብርድ አውርዶ አገናኛቸው፤ ሙቀት ወደ ላይ ገፍቶ ለያያቸው።

በዚያ የብርድ ዘመን ባሌ ላይ የነበረው ግን አውሬ ብቻ አልነበረም። ከወይብ ሸለቆ በላይ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የአለት መጠለያ አለ። በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጎትዝ ኦሴንዶርፍና የኢትዮጵያና የአውሮፓ ተመራማሪዎች ቡድን ወለሉን ሲቆፍር አመድ፣ ምድጃ፣ ባልጩት ከሚመስል ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የተሠሩ ስለቶችና ብዙ የተቃጠለ ትንንሽ አጥንት አወጣ። የአመዱ ዕድሜ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ሰው በዚህ ከፍታ ላይ እየተመላለሰ እንደኖረ የሚያሳይ ከዚህ የቀደመ ማስረጃ በዓለም ላይ አልነበረም፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። አጥንቱን ሲለዩት አብዛኛው የግዙፉ ፍልፈል ሆነ። እነዚያ ሰዎች ፍልፈሉን ከጉድጓዱ አውጥተው እሳት ላይ ጠብሰው ይበሉት ነበር። ለስለት የሚሆነውን ጥቁር መስታወት ያመጡት ደግሞ ከዚያም በላይ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አለት፣ ከግግሩ ጫፍ አጠገብ ነው።

እንግዲህ ሰው በጣም በቀዘቀዘበት ዘመን ወደ ላይ ወጣ። ያልተጠበቀ ነው፤ ግን የተራራውን ሥርዓት ለተከታተለ ሰው ይገባል። ቆላው ሲደርቅ ውኃ ያለው ተራራው ላይ ነበር፤ ከግግሩ የሚቀልጠው ውኃ አይቋረጥም፣ መሬቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ተቀብሮ ይገኛል። ቀይ ቀበሮውንና ሰውን አንድ ምግብ አንድ አምባ ላይ አስቀመጣቸው።

የሰውና የአውሬው ጎረቤትነት ገና ያልተነገረለት ነገር እንዳለው የታወቀው በቅርቡ ነው። አሽንዳ የምትባለው ተክል በባሌ ሜዳ ላይ ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ የሆነ ረጅም የአበባ ዘንግ ታወጣለች። ሲሌሮ እንደተናገረው፣ የእረኞች ልጆች አበባውን ሲልሱ አይቶ እርሱም ቀመሰውና ጣፋጭ ሆኖ አገኘው። ኋላ ቀይ ቀበሮዎቹም ይህንኑ ሲያደርጉ አየ። ሳንድራ ላይ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ ነገሩን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2024 አሳተሙት፤ አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ድረስ እየዞረ ይልሳል፣ አፍንጫውም በአበባ ዱቄት ይሸፈናል። ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ ካደረሰ ደግሞ ተክሉን እያራባው ነው ማለት ነው። ይህን ሥራ ከንብና ከወፍ እንጂ ከትልቅ ሥጋ በል አውሬ ማንም ጠብቆት አያውቅም። ልጆቹ ግን አበባው እንደሚጣፍጥ ቀድመው ያውቁ ነበር።

በሽታ አንድ ጊዜ ቀይ ቀበሮውን ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ የተራራው ቅርጽ ግን አዳነው። እረኛ ወደ አምባው ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በወይብ ሸለቆ ገብቶ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ሸለቆው ግን ከሌሎቹ የቀበሮ መኖሪያዎች ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው። ተመራማሪዎቹና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ሁሉንም እንስሳ ለመከተብ አልተነሡም፤ በመተላለፊያዎቹ ላይ የሚኖሩትን ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ይዘው ከተቡ። በሽታው እዚያው ቆመ። በሰፊ ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ዘዴ ባልሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ቀበሮው ራሱ እንዲበላው እየተደረገ ነው።

ሙቀቱን ግን በመተላለፊያ ላይ ማስቆም አይቻልም። ውርጩ ሲወጣ እንስሳቱ አብረው ይወጣሉ፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ያበቃል። ከታች ደግሞ ገብሱ ይከተላል፤ ድሮ የማይታረሰው ከፍታ ዛሬ ይታረሳል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ተራራ ያለው ወገን ይተርፋል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ጎጃምና መንዝ ግን ሌላ ያስተምራሉ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮው ግን ጠፍቷል፣ መሬቱ እስከ ላይ ድረስ ታርሷልና። የመንዝ ጓሳ ከፍተኛው ቦታ 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ቀበሮው ዛሬም አለ። ልዩነቱን ያመጣው አየር ጠባይ አይደለም። የመንዝ ሰው ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የጓሳውን ሣር ቤት ለመክደን፣ ገመድ ለመግመድ ስለሚፈልገው፣ መቼ እንደሚታጨድና መቼ ከብት እንደሚገባበት በደንብ ወስኖ፣ አጥፊውን እየቀጣ ጠብቆት ኖሯል። ሣሩን ሲጠብቅ አይጡ ተጠበቀ፤ አይጡ ሲጠበቅ ቀበሮው ተረፈ። ቁመቱን የሚጨምር ተራራ የለም፤ ከቁመቱ በታች ያለውን መሬት ማስፋትና ማጥበብ ግን በሰው እጅ ነው።